ሃይድሮጂን ማውጣቱ አልነበረም ከባዱ

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የምትኖሩ ከሆነ ድምፁን ታውቁታላችሁ። መብራት ጥፍት ሲል ሰፈሩ ለአፍታ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ የፀጉር ቤቱ ጄኔሬተር ይነሳል፣ የዳቦ ቤቱ ይከተላል፣ ትንሽ ቆይቶ ሰው ከሰው መደማመጥ ያቅተዋል። እስቲ አሁን በጄኔሬተሩ ቦታ አንድ ዝም ያለ ሳጥን አስቡ። ከጀሪካን ፈሳሽ ይቀዳበታል፤ አይጮህም፣ አይጨስም፤ የሚወጣው እርጥበት ብቻ ነው።

ይህ ቅዠት አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ተሠርቷል፤ መኪና ላይ ተገጥሞም ተነድቷል። ከዚያ ተተወ። የተተወው ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ስላልሠራ አይደለም፤ በደንብ ሠርቷል። ታዲያ ለምን? መልሱን ለማግኘት 200 ዓመት ወደ ኋላ እንሂድ። በመንገዳችን ላይ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅም እናገኛለን። (ለየት አድርጌ ካልጻፍኩ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክብሪት ሳይኖር በፊት

በ1823 ጀርመን አገር፣ የና በምትባል ከተማ፣ ዮሃን ዶበራይነር የሚባል ኬሚስት አንድ እንግዳ ነገር አየ። ሃይድሮጂን ጋዝ እንደ ስፖንጅ በተቦረቦረ ፕላቲኒየም ላይ ሲነፋ ብረቱ እየጋለ ይቀላል፣ ከዚያም ጋዙ ይቀጣጠላል። እሳት የለኮሰው የለም። ፕላቲኒየሙም አልተቃጠለም፤ ከበፊቱ ምንም አልጎደለም።

ዶበራይነር ይህን ይዞ ለጠረጴዛ የሚሆን እሳት መለኮሻ ሠራ። በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ውሃ የተጨመረበት ሰልፈሪክ አሲድ አለ፤ በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ዓይነት ማለት ነው። ከላይ ቁራጭ ዚንክ ተንጠልጥሏል። ቧንቧው ሲከፈት አሲዱ ወደ ዚንኩ ከፍ ይላል፣ ሃይድሮጂን ይፈልቃል፣ ፕላቲኒየሙን ይመታል፣ እሳት! ቧንቧው ሲዘጋ ደግሞ የተጠራቀመው ጋዝ ራሱ አሲዱን ገፍቶ ከዚንኩ ያርቀዋል፤ ነገሩ በራሱ ይቆማል። የሚጫር ክብሪት ገበያ የወጣው ከዚህ ጥቂት ዓመታት በኋላ ስለሆነ ዕቃው በጣም ተሸጠ።

በዚህች ዕቃ ውስጥ ዛሬ የምናወራቸው ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በፈለጉት ሰዓት ብቻ ሃይድሮጂን የሚሰጥ ፈሳሽ፣ እና ሥራውን አፋጥኖ ራሱ ሳያልቅ የሚቀር ብረት።

ለሁለተኛው ስም ያወጣለት ስዊድናዊው በርዜሊየስ ነው፤ በ1835 ካታሊሲስ አለው፤ በግሪክ መፍታት፣ ማላላት እንደማለት ነው። በርዜሊየስ ምሳሌ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ እናንተ ቤት ሊኖር የሚችል ነው፤ ብቅል። ከሁለት ዓመት በፊት ፓሪስ ውስጥ ፓየን እና ፔርሶ የተባሉ ኬሚስቶች ከበቀለ ገብስ ውስጥ ስታርችን ወደ ስኳር የሚቀይር ነገር ለይተው አውጥተው ዲያስቴዝ ብለውት ነበር። ዛሬ ኢንዛይም የምንለው ነው፤ ሕይወት ያላቸው ነገሮች የሚሠሩት ካታሊስት። ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን ገብሱን አርሰው፣ አብቅለው፣ አድርቀው የሚያዘጋጁት ይህንኑ ነው። ሰበታ ያለው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካም ያለ ብቅል አንድ ጠርሙስ አያወጣም። ስለዚህ ካታሊስት የፈረንጅ ላብራቶሪ ብቻ የሚያውቀው ነገር አይደለም፤ ስሙ ነው የሄደው እንጂ።

ኮሚሽን የማይቀበል ደላላ

ካታሊስት ምን እንደሚሠራ በሁለት ምሳሌ ልንገራችሁ። አንደኛው ደላላ ነው። ቤት ሻጭና ገዥ አንድ ከተማ እየኖሩ ላይተዋወቁ ይችላሉ፤ ደላላው ያገናኛቸዋል፣ ውሉ ይፈጸማል፣ እሱ ወደ ቀጣዩ ሥራው ይሄዳል። ካታሊስት ኮሚሽን የማይቀበል ደላላ ነው።

ሁለተኛው እንጦጦ ነው። ከአዲስ አበባ ሱሉልታ ለመሄድ ተራራውን መውጣት ግድ ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ዳገቱን እንዴት እንደሚያማርሩት ታውቃላችሁ። ኬሚካሎችም ወደ ሌላ ነገር ከመቀየራቸው በፊት የጉልበት ዳገት ይጠብቃቸዋል። ካታሊስት ዝቅ ያለ መተላለፊያ ያሳያቸዋል። ልብ በሉ ግን፣ መተላለፊያው ዝቅ አለ ማለት ሱሉልታ ቦታዋን ቀየረች ማለት አይደለም። መነሻውና መድረሻው እንደነበሩ ናቸው። ይህን በግልጽ ያስቀመጠው በ1909 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ቪልሄልም ኦስትቫልት ነው፤ ካታሊስት ፍጥነትን ይቀይራል እንጂ ሚዛኑን አይቀይርም። ይህችን ያዙልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

ሃይድሮጂንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፊውል ሴልም የተወለደው በዚሁ ዘመን ነው። በ1839 የዌልሱ ተወላጅ ዊልያም ግሮቭ ሁለት የፕላቲኒየም ቁራጮችን አሲድ ውስጥ አድርጎ፣ አንዱን በሃይድሮጂን ሌላውን በኦክስጅን ቢከብ ኤሌክትሪክ አገኘ። አሠራሩን እንደ ኬላ አስቡት። ሃይድሮጂን ፕላቲኒየሙ ላይ ሲያርፍ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ሆኖ ይለያያል። ኬላው ፕሮቶኖችን በቀጥታ ያሳልፋል፤ ኤሌክትሮኖችን ግን በቀለበት መንገዱ ዙሩ ይላቸዋል። ቀለበት መንገዱ ሽቦው ነው፤ እየዞሩ ሳሉ አምፖል እናበራባቸዋለን። በወዲያኛው በኩል ሁለቱም ከኦክስጅን ጋር ይገናኙና ውሃ ይሆናሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ጠፈርተኞች ኤሌክትሪካቸውን ያገኙት ከፊውል ሴል ነበር፤ አፖሎ ላይ የተጓዙትማ የሚጠጡት ውሃም ከዚያው ይመጣ ነበር።

ፕላቲኒየም ደግሞ ለእኛ ሩቅ ብረት አይደለም። ምዕራብ ወለጋ፣ ዩብዶ አካባቢ፣ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ከአፈር እየታጠበ ወጥቷል።

የሸክሙ ነገር

እንግዲህ ሃይድሮጂን ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን በጀሪካን አይሸጥም? አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን 33 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት አለው፤ አንድ ኪሎ ቤንዚን 12 ገደማ። በክብደት ካየነው ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ችግሩ ቦታ ነው። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን በባሕር ጠለል ላይ 12,000 ሊትር ቦታ ይይዛል። ሱሉልታ ላይ፣ በ2,700 ሜትር ከፍታ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ወደ 16,500 ሊትር ይጠጋል፤ አንዲት ትንሽ ክፍል ሊሞላ ምንም አይቀረው። ወይ በ700 ባር ግፊት ጠቅጥቃችሁ በወፍራም ሲሊንደር ትይዙታላችሁ፣ ወይ እስከ 253 ዲግሪ ከዜሮ በታች አቀዝቅዛችሁ ፈሳሽ ታደርጉታላችሁ። ሁለቱም ለሰፈር ሱቅ የሚሆኑ አይደሉም።

ስለዚህ ሦስተኛው መንገድ መጣ፤ ሃይድሮጂኑን በሌላ ነገር ውስጥ አስሮ መሸከምና በሚፈለግበት ሰዓት መፍታት። የዶበራይነር ሐሳብ፣ ግን የተሻለ ማሰሪያ ይዞ።

ማሰሪያው የተገኘበት ታሪክ በስጦታ ይጀምራል። በ1936፣ በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ኸርበርት ብራውን ሲመረቅ የሴት ጓደኛው ሣራ ቤይለን አንድ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሰጠችው። መጽሐፉ ቦሮን የሚባለው ንጥረ ነገር ከሃይድሮጂን ጋር ስለሚፈጥራቸው ውህዶች ነበር። ለምን እሱን መረጠች? ብራውን ራሱ የኖቤል ንግግሩ ላይ እንደተናገረው፣ ከመጽሐፍ መደብሩ የኬሚስትሪ መጻሕፍት ርካሹ እሱ ስለነበር ይመስላል፤ 2 ዶላር ከ6 ሳንቲም። ልጁ መጽሐፉን አንብቦ ቦሮን ውስጥ ገባ፤ ሣራንም አገባ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብራውንና አስተማሪው ኸርማን ሽሌዚንገር በቀላሉ የሚተን የዩራኒየም ውህድ እንዲፈልጉ ለአቶም ቦምቡ ፕሮግራም ታዘዙ። በዚህ ሥራ መሐል ነው ሶዲየም ቦሮሃይድራይድን የሠሩት፤ ነጭ ዱቄት ነው። ዩራኒየሙ ሌላ መፍትሔ ስለተገኘለት ሥራቸው ሳይፈለግ ቀረ። ግን የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ክፍል በሜዳ ላይ ባሉን የሚሞላበት ሃይድሮጂን ይፈልግ ነበርና ዱቄቱን ሞከሩት።

ውጤቱ መጀመሪያ ላይ አናደዳቸው ብል ማጋነን አይሆንም። እንዲህ ያለ ነገር ውሃ ሲነካው ይፈነዳል ተብሎ የሚጠበቅ ነው፤ ይህኛው ግን እንደ ጨው ሟሟ። ቀስ ያለ አረፋ ብቻ። ከዚያ ጥቂት የኮባልት ጨው ሲጨመርበት ፈሳሹ ጠቆረ፣ ሃይድሮጂንም ተንተከተከ። ጥቁሩ ዝቃጭ ኮባልትና ቦሮን የያዘ ነው፤ ካታሊስቱም እሱው። ሥራው ሚስጥር ሆኖ ቆይቶ በ1953 ታተመ። በ1962 ደግሞ ብራውን ብረቶቹን ሲያወዳድር ሩቴኒየምና ሮዲየም ከሁሉም ፈጣን ሆነው አገኛቸው። እሱ በ1979 ኖቤል የተሸለመው ቦሮን ለኬሚስቶች በከፈተው ሌላ በር ነው እንጂ በዚህ አይደለም።

ስሌቱ ምን ያህል እንደሚያምር ተመልከቱ። አንድ የቦሮሃይድራይድ ሞለኪውል ከሁለት የውሃ ሞለኪውሎች ጋር አራት የሃይድሮጂን ሞለኪውሎች ይሰጣል። ግማሹ የሚመጣው ከውሃው ነው! ቡራዩ ዳር ካለው ገፈርሳ ግድብ የተቀዳ ውሃ ነዳጅ ያዋጣል እንደማለት ነው። አንድ ኪሎ ዱቄት 213 ግራም ያህል ሃይድሮጂን ይወጣዋል። ፊውል ሴሉ ግማሹን ጉልበት እንኳ ወደ ኤሌክትሪክ ቢቀይር ባለ 10 ዋት አምፖል ለ350 ሰዓት ያበራል። ፈሳሹ ላይ ኮስቲክ ሶዳ ከተጨመረበት ለወራት ተረጋግቶ ይቀመጣል፤ ካታሊስቱን ሲነካ ብቻ ይነቃል። ካታሊስቱን ከፈሳሹ ስታወጡት ይተኛል። የዶበራይነር ቧንቧ ተመልሶ መጣ። (ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ያጠፋል፣ ሃይድሮጂንም በዝግ ክፍል ውስጥ ይፈነዳል።)

በሳሙና ዘመድ የሄደው መኪና

በታኅሣሥ 2001 የክራይስለር ኩባንያ ናትሪየም የሚባል ሚኒቫን አሳየ፤ ናትሪየም የሶዲየም የላቲን ስሙ ነው። ቴክኖሎጂው ሚሊኒየም ሴል ከሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የመጣ ነበር። ፈሳሹ በካታሊስት ውስጥ ሲያልፍ ሃይድሮጂን ይሰጣል፣ ፊውል ሴሉ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል፣ ሞተሩ ይዞራል። አንዴ ተሞልቶ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል ተባለ፤ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ሊደርስ ትንሽ ቢቀረው ነው። ከኋላ የሚተርፈው ቦራት የሚባል ነገር የቦራክስ ዘመድ ነው፤ ቦራክስ ደግሞ በልብስ ማጠቢያ ሳሙና ውስጥ የሚገባ።

እና በኅዳር 2007 የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ይህ መንገድ ለመኪና እንዲቆም የሚል ውሳኔ ሐሳብ አወጣ። ሚሊኒየም ሴልም በቀጣዩ ዓመት ሥራ አቆመ።

ካታሊስቱ አላሳፈራቸውም። የከበዳቸው የተረፈው ቦራት ነው። አንደኛ ፈሳሹ ወፍራም ከሆነ ቦራቱ እየረጋ ቧንቧና ካታሊስት ይደፍናል፤ እንዳይደፍን ውሃ ሲጨመር መኪናው ከሃይድሮጂን ይልቅ ውሃ ይሸከማል። ዋናው ግን የመልሱ ጉዞ ነው። ቦራቱን ወደ ቦሮሃይድራይድ መመለስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ነዳጅ ሳይሆን አንዴ የሚጣል ዕቃ ነው። ፋብሪካዎች ቦሮሃይድራይድን የሚሠሩት ለእያንዳንዱ ሞለኪውል አራት የሶዲየም አቶም ከፍለው ነው፤ ሶዲየሙን ለማግኘት ደግሞ የቀለጠ ጨው በኤሌክትሪክ መስበር አለባቸው። መጨረሻ ላይ ፊውል ሴሉ የሚሰጣችሁ ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ካፈሰሳችሁት እጅግ ያነሰ ይሆናል።

ኦስትቫልት ያላት ነገር ይህቺ ናት። ቦራት ቁልቁለቱ ግርጌ ነው፤ ካታሊስት ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ያፋጥናል፣ የመመለሻውን ቲኬት ግን አይከፍልም። በእኔ አስተያየት በዚህ መስክ የሚጻፉ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ጽሑፎች እስካሁን የሚሮጡት አዲስ ካታሊስት በስንት ሰከንድ ሃይድሮጂን አወጣ ወደሚለው ነው። ፍጥነቱ ግን ከ1962 ጀምሮ ብዙም ያስቸገረ ነገር አልነበረም።

ሶስና

አሁን ወደ አዲስ አበባዋ ልጅ። ሶስና ኃይሌ በ1966 አዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ የግዕዝ ሊቁና የታሪክ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው (ውጭ አገር እንደ ብዙዎቻችን የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀርቷል)። በ1975 ወታደሮች አባትየውን ሊይዙ ቤታቸው መጡ፤ በተኩሱ ቆስለው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ቤተሰቡ ተሰደደ፤ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገባ። አባት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው የኢትዮጵያን ብራናዎች ማጥናትና መመዝገብ ቀጠሉ። ልጅቷ ኤምአይቲ ገብታ ስለ ቁሶች ባሕርይ ተማረች፤ በ1992 ዶክትሬቷን ያዘች፣ በካልቴክ ከዚያም በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ አስተማረች።

ሶስና የያዘችው ጉዳይ ኬላው ነው፤ በፊውል ሴል ውስጥ ፕሮቶን የሚያሳልፈው ክፍል። የተለመደው ፕላስቲክ ኬላ ውሃ ካልጠገበ አይሠራም፤ ስለዚህ ከ100 ዲግሪ በላይ ይቸገራል። ሌላው፣ የሴራሚክ ኬላ፣ ብዙ መቶ ዲግሪ ይፈልጋል። እሷ መካከሉን ፈለገች። ግማሽ ጨው፣ ግማሽ አሲድ የሆኑ ጠጣር ነገሮች ሲሞቁ ፕሮቶንን በፍጥነት እንደሚያሳልፉ ይታወቅ ነበር፤ ግን ውሃ ያሟሟቸዋል፣ ፊውል ሴል ደግሞ ውሃ ይፈጥራል፤ ስለዚህ ብዙዎች ዞር ብለው አላዩአቸውም። እሷና ባልደረቦቿ በ2001 ኔቸር መጽሔት ላይ ይሠራሉ ብለው አሳዩ፤ ውሃው እንፋሎት ሆኖ እስከቆየ ድረስ አያሟሟም። በ2004 ደግሞ የተሻለውን፣ ከሲዚየምና ፎስፌት የተሠራውን፣ 250 ዲግሪ ገደማ ላይ አሠሩት።

ይህ ከኛ ጉዳይ ጋር ምን አገናኘው? 250 ዲግሪ ካታሊስቶች ደስ የሚላቸው ሙቀት ነው። በ2020 የሶስና ቡድን በዚሁ ኬላ አንድ ጎን ላይ ሩቴኒየም የያዘ ካታሊስት አድርጎ አሞንያ አስገባበት። ካታሊስቱ አሞንያውን ወደ ናይትሮጅንና ሃይድሮጂን ይሰብራል፤ ኬላው ፕሮቶኑን ብቻ ወደ ማዶ ያሳልፋል፤ በማዶው ንጹሕ ሃይድሮጂን ይወጣል። ንጽሕናው ቀላል ነገር አይደለም፤ ጥቂት አሞንያ እንኳ ሾልኮ ቢያልፍ የተለመደውን የፕላስቲክ ፊውል ሴል ይመርዘዋል።

አሞንያ ከክብደቱ 17.6 በመቶ ሃይድሮጂን ነው። በ10 ባር ገደማ ግፊት ይፈሳል፤ ልክ እንደ ቡታጋዝ ሲሊንደር ያዙት። ሽታው መጥፎ፣ መርዝነቱም እውነት ነው። ግን ከቦሮሃይድራይድ የሚለይበት ትልቅ ነገር አለ፤ የተሰበረው አሞንያ ናይትሮጅን ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል፣ ተሸክማችሁ የምትመልሱት ዝቃጭ የለም። ናይትሮጅንን ከሃይድሮጂን ጋር መልሶ ማጋባትም ከ1913 ጀምሮ ዓለም በየቀኑ የሚሠራው ነው፤ የብረት ካታሊስት ይዞ። ማዳበሪያ የሚሠራው እንደዚያ ነውና።

ማዳበሪያ ሲነሳ ጨዋታው ወደ እኛ ይመጣል። ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ፣ ከሰበታ ወደ ተፍኪ ብትወጡ የምታዩት እርሻ ዩሪያ ይፈልጋል፤ ዩሪያው በጅቡቲ በኩል ከውጭ ሲመጣ ኖሯል። በነሐሴ 2025 የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ተስማምቷል፤ ሃይድሮጂኑ የሚገኘው ከሶማሌ ክልል የተፈጥሮ ጋዝ ነው። በዚያው ሰሞን፣ በመስከረም፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። በግድብ ኤሌክትሪክ ውሃ ሰብሮ፣ ሃይድሮጂን አውጥቶ አሞንያ መሥራት ይቻላል ወይ ካላችሁ፣ በዚያው በአባይ ላይ ተሠርቷል፤ አስዋን የሚገኘው የግብጽ ኪማ ፋብሪካ ከ1960 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ያደረገው ይህንኑ ነው። ዋጋው ከጋዝ ጋር ይወዳደራል ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ኪማም በኋላ ወደ ጋዝ ዞሯል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለፀጉር ቤቱ መብራት ባትሪና የተሻለ መስመር ይበቃል፤ ኤሌክትሪክን ሃይድሮጂን አድርጎ መልሶ ኤሌክትሪክ ማድረግ ብክነት ነው። ከደርባ ሲሚንቶ ጭነው በሱሉልታ በኩል ለሚመጡት ከባድ መኪኖች ግን፣ ከማሳው በሚተርፍ አሞንያ የሚሠራ ፊውል ሴል ማሰብ የዋህነት አይመስለኝም።

ሶስና በዲሴምበር 2012 አዲስ አበባ ተመልሳ ነበር፤ ከባልደረቦቿ ጋር የአፍሪካና የአሜሪካ ወጣት ተመራማሪዎችን ስለ ኢነርጂ ቁሶች የሚያስተምር ትምህርት ቤት ስታዘጋጅ። በዚህ መስክ መጀመር የሚፈልግ ተማሪ በጣም ውድ ዕቃ አያስፈልገውም፤ የኮባልት ጨው በብዙ ላብራቶሪ መደርደሪያ ላይ አለ፤ የሚወጣውን ጋዝ ለመለካት ውሃ የሞላ የተገለበጠ ሲሊንደርና የእጅ ሰዓት ይበቃሉ። አስተማሪ ግን አጠገብ ይኑር። እና ሱሉልታ ላይ የምትለኩ ከሆነ፣ መጽሐፉ 100 ሚሊ ሊትር ይወጣል ባለበት 140 ብታገኙ ወዲያው ጽሑፍ ለማሳተም አትሩጡ። ካታሊስታችሁ በልጦ አይደለም፤ አየሩ ሳስቶ ነው። መጀመሪያ የዕለቱን የአየር ግፊት አንብባችሁ አስሉት።